ፌሪ ላይ የሚጫን ከባድ መኪና፦ ሰንሰለቱ የመርከቡ ነው፣ ከሰንሰለቱ በላይ ያለው ግን ያንተ ነው

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ አንድ ወንድማችን እንግሊዝ አገር የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ አገር ቤት እያለ የጅቡቲ መስመር ላይ ለ6 ዓመት ተሳቢ ነድቷል፣ አሁን በሚቀጥለው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ከስኮትላንድ ኬርንራያን ተነስቶ ወደ ሰሜን አየርላንድ ላርን በፌሪ ሊሻገር ነው። ተሳቢው ጎኑ መጋረጃ የሆነ ነው፣ 24 ቶን ፓሌት ተጭኖበታል። "ጓደኞቼ መርከበኞቹ ራሳቸው ያስሩታል፣ አንተ ላይ ወጥተህ ቡናህን ጠጣ ይሉኛል፣ እውነት የኔ ስራ የለበትም? ደግሞ ጉዞው ሌሊት ስለሆነ ጋቢና ውስጥ መተኛት ይቻላል ወይ?" ብሎ ነው የጠየቀው።

ወንድሜ እንኳን ቀድመህ ጠየቅክ። ብዙ ሰው ይሄን የሚጠይቀው አንድ ነገር ከደረሰበት በኋላ ነው። እኔ ለ11 ዓመት እንደዚህ አይነት መርከቦች ላይ ደክ (መኪናው የሚቆምበት የመርከቡ ወለል) ላይ ሰርቻለሁ፣ ማለትም መኪናውን በምልክት የሚያስገባው፣ ከስር ተንበርክኮ ሰንሰለት የሚያስረው ሰው ነበርኩ፣ አሁን ደግሞ ወደብ ላይ ጭነት ነው የምቆጣጠረው። ስለዚህ ካየሁት ልንገርህ።

መጀመሪያ የመጨረሻውን ጥያቄ ልመልስ ምክንያቱም እሱ የነፍስ ጉዳይ ነው። ጋቢና ውስጥ አትተኛም። ክልክል ነው፣ መከልከሉም ልክ ነው። መርከቡ ከተነሳ በኋላ የመኪናው ደክ ላይ መንገደኛ አይቆይም። አንዳንድ ሾፌሮች መጋረጃቸውን ዘግተው ተደብቀው ይተኛሉ፣ ድካሙ ይገባኛል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያቺ የጋቢና አልጋ ምን ያህል እንደምትጣፍጥ አውቃለሁ። ግን አንተ በምትሄድበት በዚሁ መስመር ላይ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 18፣ 2018 ዩሮፒያን ኮዝዌይ የሚባል ፌሪ ከላርን ወደ ኬርንራያን ሲመጣ በማዕበል ክፉኛ ተንገላቶ 9 የጭነት መኪናዎች ተገልብጠዋል፣ ከሾፌሮቹም ጋቢናቸው ውስጥ የቀሩ ነበሩ። የሞተ ሰው አልነበረም፣ እግዚአብሔር አተረፋቸው። በ2022 ፌብሩዋሪ ላይ ደግሞ ከግሪክ ኢጉሜኒጻ ወደ ጣሊያን ብሪንዲዚ ይሄድ የነበረው ዩሮፌሪ ኦሊምፒያ ኮርፉ ደሴት አካባቢ እሳት ተነሳበት፣ 11 ሰው ሞተ፣ ሾፌሮች ናቸው። ያኔም መኪናቸው ውስጥ ተኝተው ስለነበሩ ሾፌሮች ብዙ ተወርቷል። እሳት ሲነሳ ደኩ በደቂቃዎች ውስጥ በጭስ ይሞላል፣ መኪና ከመኪና ተጠጋግቶ ነው የሚቆመው፣ የጋቢናህ በር ሙሉ በሙሉ እንኳን ላይከፈት ይችላል። እኛም አንተ እዛ እንዳለህ አናውቅም። ላይ ውጣና ሶፋ ላይም ቢሆን ጋደም በል።

አሁን ወደ እስሩ።

ጓደኞችህ ግማሹን ልክ ናቸው። መኪናውን ከመርከቡ ወለል ጋር የሚያስሩት መርከበኞቹ ናቸው፣ ሰንሰለቱም ማጥበቂያውም ወለሉ ላይ ያለው መያዣም የመርከቡ ነው። ግን እስሩን እንደ አንድ ረጅም ሰንሰለት አስበው፦ ሳጥኑ ፓሌቱ ላይ ይታሰራል፣ ፓሌቱ ተሳቢው ወለል ላይ፣ ወለሉ ሻንሲው ላይ፣ ሻንሲው ላይ ቀለበት አለ፣ ቀለበቱ ላይ የኛ መንጠቆ ይገባል፣ ከዛ ሰንሰለቱ ወደ ደኩ ይወርዳል። እኛ ይዘን የምንመጣው የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ብቻ ነው። ከቀለበቱ ጀምሮ ወደ ላይ ያለው በሙሉ ካንተና ከአሰሪህ ነው የሚመጣው፣ እኛ ልናየውም አንችልም፣ መጋረጃ ተዘግቶበታል። ተገልብጠው ካየኋቸው ተሳቢዎች ውስጥ የመርከቡ ሰንሰለት ተበጥሶ የተገለበጠ ጥቂት ነው፣ አብዛኛው ውስጡ ያለው ጭነት መጀመሪያ ወደ አንድ ጎን ሄዶ ከዛ ነው መኪናውን ይዞት የወደቀው።

የጅቡቲ መስመር ልምድህ ይጠቅምሃል ግን አንድ ቦታ ላይ ያሳስትሃል። መንገድ ላይ ሾፌር የሚፈራው ፍሬን ነው፣ ጭነቱ ወደፊት እንዳይመጣበት፣ ለዛም ነው የአውሮፓ ህግም መንገድ ላይ ወደፊት የጭነቱን ክብደት 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ግን 50 በመቶ የሚያክል ግፊት የሚያስበው። ባህር ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። መኪናው የሚቆመው እንደ መርከቡ ርዝመት ስለሆነ ዋናው ጉልበት ወደ ጎን ነው የሚመጣው፣ እንደ ሞገዱ ከፍታ የጭነቱን ክብደት ከ50 እስከ 80 በመቶ ድረስ። ዋናው ልዩነት ግን ብዛቱ ነው። ኩርባ ላይ ጭነትህ አንዴ ይገፋል፣ ታልፈዋለህ፣ አለቀ። መርከብ ግን በየ10 ሴኮንዱ ገደማ ይንገዋለላል እንበል፣ በሰዓት 360 ጊዜ ነው፣ ላርን እስክትደርስ 2 ሰዓት ገደማ ነውና 700 ጊዜ ጭነትህ ግራ ቀኝ ይጎተታል ማለት ነው። ትንሽ የላላች ነገር በ700 ጊዜ ውስጥ ትልቅ ልል ትሆናለች። አንተ ደግሞ ጋቢና ውስጥ የለህም፣ ወርደህ አታጠብቃትም። አዋሽ ላይ ሻይ ስትጠጣ ወርደህ ገመዱን በእጅህ ነካ ነካ እንደምታደርገው እዚህ የለም።

ቁጥሩን እንስራው፣ ምክንያቱም ብዙ ሾፌር "5 ቶን ቀበቶ ነው ያሰርኩት" ብሎ ይተኛል። የራቼት ቀበቶህ (በእጀታ የሚጠብቀው የጭነት ማሰሪያ) ላይ የተሰፋውን ሌብል አንብበው። ኤልሲ የሚለው ቀበቶው ቀጥ ብሎ ሲጎተት የሚችለው ነው፣ 2500 ይላል፣ 2.5 ቶን ገደማ ማለት ነው፣ ዞሮ ሲታሰር 5000። ግን ከጭነቱ በላይ አሳልፈህ ስታጠብቀው የሚሰራው ሌላኛው ቁጥር ነው፣ ኤስቲኤፍ የሚለው፣ እሱ በተለመደው አጭር እጀታ ራቼት ላይ 300 አካባቢ ነው። እንግዲህ ቀበቶው ጭነቱን ወደ ታች የሚጫነው በአንድ ጎን 300 ኪሎ፣ በሁለቱም ጎን ቢበዛ 600 ኪሎ ነው። የእንጨት ፓሌት ተሳቢ ወለል ላይ ያለው ሰበቃ 0.3 አካባቢ ነው ብንል አንዱ ቀበቶ ወደ ጎን መንሸራተትን የሚከለክልበት ጉልበት 180 ኪሎ ብቻ ነው፣ ሁለት ኩንታል እንኳን አይሞላም!

አሁን ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ፓሌቶች እያንዳንዳቸው 1 ቶን ይሁኑ፣ ማለትም አንዱ ረድፍ 2 ቶን። መርከቡ 70 በመቶ ቢገፋው 1400 ኪሎ ወደ ጎን ይመጣል። በራሱ ክብደትና ሰበቃ 600 ኪሎውን ይይዛል። 800 ኪሎ ይቀራል። ለ180 አካፍለው፣ ለአንድ ረድፍ ብቻ 5 ቀበቶ ያስፈልግሃል። ማንም 5 ቀበቶ ለአንድ ረድፍ አያስርም፣ እኔም አይቼ አላውቅም።

መፍትሄው ቀላልና ርካሽ ነው፦ ከፓሌቱ ስር የሚነጠፍ የማያንሸራትት የጎማ ምንጣፍ። ሰበቃውን ወደ 0.6 ያመጣዋል። እዛው ስሌት ላይ መልሰው፣ ከ1400 ውስጥ 1200ውን ራሱ ሰበቃው ይይዘዋል፣ የቀረው 200 ነው፣ አንድ ቀበቶ ደግሞ አሁን 360 ይይዛል። 5 የነበረው 1 ሆነ። (ይሄ ሻካራ ሂሳብ ነው፣ መጠባበቂያ አልጨመርኩበትም፣ ስለዚህ ሁለት እሰር።) ምንጣፉ ግን ፓሌቱን ከወለሉ ጋር ነው የሚያያዘው፣ ፓሌቱ ላይ ያሉት ካርቶኖች በፕላስቲክ በደንብ ካልተጠቀለሉ እነሱ ከፓሌቱ ላይ ይሄዳሉ። ስትጭን በእጅህ ገፋ አድርገህ ሞክረው፣ ከላይ ስትገፋው የሚወዛወዝ ፓሌት ባህር ላይ አይቆምም።

መጋረጃው አይይዝም። ይሄን በደማቁ ልበል። ተሳቢህ ኤክስኤል የሚል ሰርተፍኬት ካለው ጎኑ የጭነቱን 40 በመቶ እንዲችል ተሞክሯል፣ ግን ያ ሙከራ የሚሰራው መጋረጃው፣ ጣውላዎቹና ማጠፊያዎቹ ሁሉ በቦታቸው ሲኖሩ፣ ጭነቱም ከጎን እስከ ጎን ክፍተት ሳይኖረው ሞልቶ ሲጫን ነው። መሃል ላይ አንድ ክንድ ክፍተት ካለ ፓሌቱ ያንን ክንድ ሮጦ ነው መጋረጃውን የሚመታው። ክፍተት ካለ ባዶ ፓሌት አቁመህ ወይም የአየር ከረጢት ሞልተህ ድፈነው።

የመኪናው ራሱ ጉዳይ ደግሞ። ጎማ በደረቅ ብረት ላይ ያለው ሰበቃ 0.3 ገደማ ነው፣ ያ ማለት ሰንሰለት ባይኖር መርከቡ ወደ 17 ዲግሪ ሲያጋድል መኪናህ መንሸራተት ይጀምራል፣ በፍሬን ተይዞም ቢሆን። ደኩ ላይ ውሃና ዘይት ካለ ደግሞ ከዛ በጣም ቀድሞ። ስለዚህ ፍሬንና ታኮ ብቻውን አይበቃም፣ መርከበኛው "ዛሬ ባህሩ ፀጥ ያለ ነው" ብሎ ታኮ ብቻ ሊያደርግልህ ይችላል፣ አጭር መስመር ላይ በጥሩ አየር ይደረጋል፣ ግን ክረምት ከሆነና የአየር ትንበያው ንፋስ ካለ ጠይቅ፣ "ይሄኛው ይታሰራል ወይ?" በል፣ ከፍ ብሎ የተጫነ ከሆነ ደግሞ ሳትጠየቅ ንገራቸው። ጭነቱ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደሆነ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ቅጹ ላይ ክብደቱን በትክክል ሙላ፣ አደገኛ ጭነት ካለህ (ቀለም፣ ባትሪ፣ ጋዝ፣ የጽዳት ኬሚካል) በትንሹም ቢሆን አሳውቅ፣ የት እንደሚያቆሙህ የሚወስኑት በሱ ነው።

አሁን ወደ ቀለበቶቹ። የዓለም ባህር ድርጅት (አይኤምኦ የሚሉት) በ1985 ያወጣው፣ በኋላም ያሻሻለው መመሪያ አለ። ከ3.5 እስከ 20 ቶን የሆነ ተሽከርካሪ በእያንዳንዱ ጎን ቢያንስ 2 ማሰሪያ ቀለበት፣ እስከ 30 ቶን 3፣ እስከ 40 ቶን 4 ቀለበት ሊኖረው ይገባል ይላል። እያንዳንዱ ቀለበት የሚችለው ስንት እንደሆነም ቀመር አለው፣ ብታሰላው 20 ቶን በ2፣ 30 በ3፣ 40 በ4 ሁሉም 120 ኪሎኒውተን ላይ ይመጣል፣ 12 ቶን ጉልበት ማለት ነው፣ 120 ኩንታል ባንዲት ቀለበት! ለዛ ነው ሻንሲው ላይ በደንብ የተበየደ ወፍራም ብረት እንጂ የጎን መከላከያው ላይ የተንጠለጠለ ነገር የማይሆነው። ቀለበቶቹ በግልጽ በሚታይ ቀለም መቀባት አለባቸው፣ አንድ ቀለበት ላይም አንድ ሰንሰለት ብቻ ነው የሚገባው።

ይሄን የምነግርህ ለምን መሰለህ፣ እኛ ሌሊት ላይ ባትሪ ይዘን ከመኪናው ስር ገብተን ቀለበት ስንፈልግ ጭቃ ተጋግሮበት፣ ወይ ጭራሽ ሳይኖር ሲቀር መርከበኛው ያገኘውን ነገር ይይዛል። መነሻ ሰዓት ደርሷል፣ ከላይ ይጮሁበታል። የኋላ መብራት ማቀፊያ ላይ፣ የስፔር ጎማ መያዣ ላይ፣ አክስሉ ላይ መንጠቆ ሲገባ አይቻለሁ። እነዛ ለዚህ ጉልበት የተሰሩ አይደሉም። ስለዚህ ከመሄድህ በፊት ግቢ ውስጥ እያለህ ተሳቢህ ስር ግባ፣ ቀለበቶቹን ቁጠር፣ ጭቃውን አጥበህ ቢጫ ቀለም ቀባቸው። የ10 ደቂቃ ስራ ነው። ከሌሉ ደግሞ ለአሰሪህ በጽሁፍ አሳውቅ፣ "ይሄ ተሳቢ የባህር ማሰሪያ የለውም" ብለህ፣ ሌላ ተሳቢ ይስጥህ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኤር ሱስፔንሽን (ሻንሲውን በአየር ከረጢት የሚሸከመው)። ይሄ ብዙዎቹ የማያውቁት ነው። አንድ ሌሊት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አንድ ተሳቢ በ4 ሰንሰለት በየጎኑ አጥብቀን አሰርን፣ ሰንሰለቱን በእግሬ ስመታው እንደ ክራር ክር ይጮህ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ለዙር ስወርድ ከሩቅ ቃ ቃ ቃ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ስደርስ መንጠቆዎቹ ቀለበታቸው ውስጥ ልል ብለው እየተወዛወዙ ነው። ሰንሰለቱ አልተፈታም፣ ማጥበቂያውም እንዳለ ነው። የተሳቢው የአየር ከረጢቶች ቀስ በቀስ አየር ለቀው ሻንሲው የእጅ መዳፍ ያህል ወርዷል፣ ሻንሲው ሲወርድ ሰንሰለቱ ላላ። እድለኛ ነበርን፣ ባህሩ ገና መነሳት መጀመሩ ነበር፣ ሁሉንም እንደ አዲስ አጠበቅናቸው። ስለዚህ ደኩ ላይ ከቆምክ በኋላ፣ ሰንሰለት ከመግባቱ በፊት፣ የተሳቢውን አየር አውርደው፣ ሻንሲው ጎማዎቹ ላይ ይቀመጥ። ባሌስትራ ከሆነ ይሄ ችግር የለብህም። ለሚያስርህም ሰው "አየሩን አውርጃለሁ" በለው፣ በጣም ደስ ይለዋል።

ቀሪው ያው የምታውቀው ነው፦ የእጅ ፍሬን፣ የተሳቢውን ቀዩን የፓርኪንግ ቁልፍ፣ ማኑዋል ከሆነ ማርሽ ውስጥ፣ ሞተር ማጥፋት። ተሳቢውን ብቻውን ጥለህ የምትመለስ ቢሆን ኖሮ ደግሞ በራሱ እግር ላይ አይቆምም ነበር፣ እነዛ እግሮች ለግቢ እንጂ ለባህር አልተሰሩም፣ ትሬስል የሚባል የብረት ድጋፍ ከፊቱ ስር ይገባል። ቦቴ የምትነዳ ወንድሞችም ካላችሁ ግማሽ የተሞላ ቦቴ ከሙሉው ይልቅ አስቸጋሪ ነው፣ ፈሳሹ ከመርከቡ ጋር አብሮ ይሮጣል፣ ቀድማችሁ ተናገሩ።

አንድ ሰው "አንድ መኪና ቢወድቅ መርከቡን ምን ያደርገዋል" ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እነዚህ መርከቦች ሮሮ የሚባሉት መኪናው በራሱ ጎማ ገብቶ በራሱ ጎማ ስለሚወጣ ነው፣ ለዛ ሲባል ደኩ ከጫፍ ጫፍ አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው፣ መሃሉ ላይ ግድግዳ የለም። አንዱ ሲወድቅ ጎረቤቱን ይገፋል፣ ሁለቱ ሶስተኛውን፣ ከዛ መርከቡ ወደዛው ጎን አጋድሎ ይቀራል፣ ሲያጋድል ደግሞ ሌሎቹም ይከተላሉ። ጃንዋሪ 31፣ 2008 ሪቨርዳንስ የሚባለው ከሰሜን አየርላንድ ዋረንፖይንት ወደ ሄይሻም ሲሄድ ማዕበል መትቶት ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ሄደና መርከቡ አጋድሎ ብላክፑል አካባቢ የባህር ዳርቻ ላይ ወጣ። 23ቱን ሰዎች በሄሊኮፕተር አወጧቸው፣ መርከቡ ግን እዛው አሸዋው ላይ ተቆራርጦ ነው ያለቀው። ይሄም ያንተው ባህር ነው።

ስትደርስ ደግሞ አትቸኩል። ማስታወቂያው ሲነገር ውረድ፣ ግን ሞተር ከማስነሳትህ በፊት መኪናህን ዞረህ ሰንሰለቶቹ ሁሉ መፈታታቸውን በአይንህ እይ፣ በተለይ በግድግዳው በኩል ያለውን፣ እሱ ነው የሚረሳው። አንዲት ሰንሰለት ሳትፈታ የሄደ መኪና ቀለበቱን ገንጥሎ ሲወጣ አይቻለሁ፣ የተበጠሰው ጫፍ የሰው እግር አጠገብ ነው ያረፈው። ከዛ አየሩን መልሰህ ሙላ፣ ሻንሲው ሳይነሳ ራምፑ ላይ ከወጣህ ስሩ ይታከካል። ወደቡን እንደወጣህም መጀመሪያ ያገኘኸው ማቆሚያ ላይ ቁም፣ መጋረጃውን ከመክፈትህ በፊት ከውጭ ተነፍቶ እንደሆነ ተመልከት፣ ከተነፋ ጭነቱ እሱ ላይ ተደግፏል ማለት ነውና በዛ በኩል አትክፈተው።

እስከዛ ግን ዛሬ ወይ ነገ ግቢ ስትገባ የተሳቢህን ቀለበቶች ፎቶ አንሳና እዚሁ ስር ለጥፍልኝ፣ ብየዳቸውን ቀረብ አድርገህ አንሳው፣ አይቼ እነግርሃለሁ።